ሞታ ከገበያ የተመለሰችው ሴት

መምህር ፈንታ ወደ መጽሐፍ መሸጫ ቤታችን የመጡት ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በሩን ከፍተው ወዲያው አልገቡም። በግራ እጃቸው መቃኑን ዳበሱ፣ በቀኝ እጃቸው ዘንቢላቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ፣ ከዚያ ወደ ድምፃችን ዞረው «እንደምን ዋላችሁ» አሉ። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጬ ስለ ሌላ ሰው መጽሐፍ ክፉ ነገር እየጻፍሁ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ላስጠርዝ አራዳ አጠገብ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ የኮላ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ያ ሐሙስ እንዳለ ተመለሰብኝ። ገና አርባ ያልሞላት ሴት «ድሮ» ብላ ስትጽፍ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ጎንደር ግን ሰው እስኪያረጅ አትጠብቅም። መጽሐፍ ቤታችን የነበረበት ክፍል ዛሬ የስልክ መሸፈኛና የጆሮ ማዳመጫ ይሸጥበታል። እኛ አዲስ ልብ ወለድ በምንደረድርበት ግድግዳ ላይ የሚበራና የሚጠፋ አረንጓዴ መብራት ተሰቅሏል። አንድ ቀን ገብቼ ዞር ዞር ብዬ አየሁና ሻጩ «ምን ልርዳሽ እቱ?» ሲለኝ የማያስፈልገኝን ቻርጀር ገዝቼ ወጣሁ። ዓመቱን አልናገርም። ካሴት እየሞተ ነበር፣ ሲዲ ገና አልሞተም ነበር፣ ሻይ ሁለት ብር፣ ሳንቡሳ አንድ ብር ነበር። ወንዶቹ ጂንሳቸውን ከወገባቸው በታች ዝቅ አድርገው የሚታጠቁበት፣ ሴቶቹ በጠባብ ሱሪ ላይ አጭር ቀሚስ የምንደርብበት ጊዜ ነበር። እኔ አልደርብም ነበር። ግራጫ ሹራብ፣ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ የሚደርስ ጉርድ ቀሚስ፣ በዚያ ላይ ነጠላ። ከዩኒቨርሲቲ በቋንቋ ተመርቄ አንድ ዓመት ቤት ከተቀመጥሁ በኋላ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ቤቱ ፒያሳ፣ ጣሊያን ከሠራቸው ከእነዚያ ቢጫ ሕንፃዎች በአንዱ ሥር ነበር። በግራ ልብስ ሰፊ፣ በቀኝ ጭማቂ ቤት። ከጭማቂ ቤቱ ቀኑን ሙሉ አንድ ዘፋኝ አንድ ዓይነት ዘፈን ሲያለቅስ ይውላል፤ ልብስ ሰፊው መኪናውን በዘፈኑ ልክ ይረግጣል። ባለቤቱ ሐጂ ሰይድ የአዲስ ዓለም ሰፈር ሰው ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም ጨርቅ ነጋዴ። እሳቸው ብቻ ናቸው ወደ መጽሐፍ የዞሩት፤ ልማዳቸውን ግን ከጨርቁ ይዘውት መጥተዋል። «ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ጫፉን ይዞ ያሸዋል፣ ይጎትተዋል፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ሲቀደድ የሚያወጣውን ድምፅ ያውቃል» ይሉናል። «እናንተም አሹት። በቤታችን ያላሹትን መሸጥ ነውር ነው።»

ማሸት ማለት ይህ ነው። ሐሙስ ሐሙስ እያንዳንዳችን ሰሞኑን ከገባው ልብ ወለድ ወይም ሙዚቃ አንዱን አንብበን ወይም አዳምጠን፣ በዘጠኝ ሰዓት ሻይ ይመጣና፣ በአንድ ካርድ ላይ አስተያየታችንን እንጽፋለን። ከሦስት መስመር አይበልጥም። ስም አይጻፍበትም። ከዚያ ሐጂ ካርዶቹን በልብስ መቆንጠጫ መስኮቱ ላይ ከተወጠረው ገመድ ላይ ይሰቅሏቸዋል፤ አንድ ቃል አይነኩም። እኛ ሦስት ነን፤ ሐጂ፣ ደምስና እኔ። ደምስ የሒሳብ መዝገብ ተምሮ በሙያው ሥራ ያጣ፣ ጸጉሩን በቅባት የሚያቆም፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ነው። ሐጂ የሚጽፉት ስለ መንዙማ ብቻ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ካሴቱን እስከ መጨረሻው ያዳምጡና «ድምፁ ደህና ነው። ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ዓይነት ነገር ይጽፋሉ።

«ረቂቅ ሙዚቃ» የሚል ጽሑፍ ያለበት አንድ መደርደሪያ ነበረን። ጸጉራቸው የተጠቀለለ የድሮ ፈረንጆች ሥዕል ያለባቸው የፒያኖና የቫዮሊን ሲዲዎች፣ በገና፣ ዋሽንትና መንዙማ ጎን ለጎን ተደርድረውበታል። በገና ከፒያኖ አጠገብ ይቀመጥ አይቀመጥ ብለን ሁለት ሳምንት ተከራክረናል። ደምስ «ሁለቱም ያስተኛሉ፤ አንድ መደርደሪያ ይበቃቸዋል» ብሎ ነገሩን ዘጋው። አንድ ጊዜ ስለ አንድ ፒያኖ «ይህን ያዳመጥሁት ጥርሴን እያመመኝ ነው። ከሁለቱ ጥርሴ ዜማ አለው» ብሎ ጽፎ ነበር። ሰው ሳቀ። የሰው ሳቅ ግን ወደ እኔ ካርዶች ነበር የሚያደላ። ስለ አንድ የበገና ካሴት «አባት ወደ ፈጣሪ ይጮኻሉ። ሦስተኛው መዝሙር ላይ በር ይንኳኳና አንድ ሰው “ማን ነው?” ይላል። መልስ ያገኙ መስሏቸው ይሆን?» ብዬ ጻፍሁ። ስለ አንድ ልብ ወለድ «ባለታሪኩ በገጽ ዘጠኝ ይታሰራል። ሲፈታ አብሬው የተፈታሁ ያህል ደስ አለኝ» አልሁ። ስለ ሌላው ደግሞ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ፦ «ሽፋኑ ሸጋ ነው። አትክፈቱት።»

እኔ በዚያ ጊዜ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የማልችል ልጅ ነበርሁ። ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ፣ ማንም ካልወረደ ሰፈሬን አልፌ፣ በእግሬ እመለሳለሁ። ሰው ስሜን ሲጠራኝ ጆሮዬ ይግላል። እናቴ ጨዋነት ነው ትላለች፤ ጨዋነት አልነበረም። ዓርብ ዓርብ ጠዋት መስኮቱ ላይ የሚሰበሰቡት የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች፣ የባጃጅ ሾፌሮችና ተማሪዎች «የዚህ ሳምንትስ ማን ታረደ?» እየተባባሉ ሲያነቡ፣ እኔ ከመስታወቱ በስተጀርባ አንገቴን ደፍቼ መጽሐፍ እየጠረግሁ የሳቃቸውን ርዝመት እቆጥር ነበር። ሁሉም ደምስ ነው የሚጽፈው ብለው ያምናሉ። እሱም አላስተባበለም፤ እኔም ደስ አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የኔን ቃል ይጠብቃል፣ ፊቴን ግን ማንም አያይም። ያን ደስታ ዛሬም አልክደውም። ሰው የደከመበትን ነገር በሦስት መስመር መግደል እንደ ስኳር ይጥማል። እርሳሴን ይዤ ለማንበብ ስቀመጥ ታሪኩን አልፈልግም ነበር፤ የሚያስቀውን ስንጥቅ ነበር የምፈልገው።

የመምህር ፈንታ መጽሐፍ ከዳባት በአውቶቡስ ተጭኖ የመጣ ጊዜ ደብዳቤ ነበረው። አሥራ ሁለት ቅጂ ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ እንደሆኑ፣ ይህ የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው እንደሆነ፣ ሃያ ዓመት እንደጻፉት ይናገራል፤ ደብዳቤውን የጻፈላቸው ሌላ ሰው ነው። ሐጂ እንደ ልማዳቸው ከአሥራ ሁለቱ አንዱን «የቤት» የሚል ማኅተም መትተው ለአስተያየት ሰጡኝ፤ የማኅተሙ ቅጂ አይሸጥም። መጽሐፉ ስለ አንዲት የደጋ ሴት ነው፤ ከገጽ ገጽ ጭጋግና ዝናብ። መሐል ላይ ታሪኩ ይዘላል፣ ሰዎች ያልተናገሩትን እንደተናገሩ ይሆናሉ፣ ዐረፍተ ነገር ዐረፍተ ነገርን አይከተልም። ሁሉንም በእርሳስ አሰመርሁበት። ከዚያ ወደ መጨረሻው ስደርስ ሴትየዋ ሞተች፤ ፊት ለፊት ባለው ገጽ ደግሞ በሕይወት ቁጭ አለች። ከደስታዬ ብዛት ብቻዬን ሳቅሁ። ካርዱን የጻፍሁት ሳልሰርዝ፣ ሳልደልዝ ነው፦

«ሴትየዋ በግራ ገጽ ሞተች። በቀኝ ገጽ ከገበያ ሽንኩርት ይዛ መጣች። ደራሲው መግደላቸውን ረስተዋል።»

እንደዚያ ካርድ ያሳቀ አልነበረም። በሳምንቱ አራዳ ገበያ የባጃጅ ሾፌሮች ሽንኩርት ሻጮቹን «ሟቿ ዛሬ መጣች ወይ?» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። የወለቃ ተማሪዎች እየደገሙት ሄዱ፤ ወደ ሰሜን የሚወጡ ሾፌሮች እስከ ደባርቅ ወሰዱት። ሐጂ ካርዱን በሳምንቱ ሊያወርዱት ሲሉ ደምስ «ሐጂ፣ ይቆይ፤ ሰው እየመጣበት ነው» ብሎ ለመናቸው። ሦስት ሳምንት ተሰቀለ። ከመጽሐፉ አንድም ቅጂ አልተሸጠም፤ ለካርዱ ሲመጡ ግን ሌላ ይገዛሉ።

እንግዲህ በዚያ ሐሙስ በሩ ላይ የቆሙት እኒህ ሰው ናቸው።

«መምህር ፈንታ እባላለሁ፣ ከዳባት» አሉ። «መጽሐፌ እዚህ ነው ብለውኛል።»

ደምስ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ዘሎ ወረደ። «የሽንኩርቱ!» አለ በሹክሹክታ፤ የደምስ ሹክሹክታ ልብስ ሰፊው ዘንድ ይሰማል።

«አዎ፣ የሽንኩርቱ» አሉ መምህር ፈንታ። «ለእሱ ነው የመጣሁ።»

«ምነው ቆሙ መምህር፣ ይቀመጡ እንጂ» ብለው ሐጂ ወንበራቸውን ለቀቁላቸው። ሲቀመጡ ዓይናቸውን አየሁት። ሁለቱም ላይ የጠብታ ያህል ወተት ፈስሶበታል። ኮታቸው ንጹሕ ነው፤ ቁልፉ ግን አንድ ቀዳዳ ስቶ ተቆልፏል።

«ሞራ ነው» አሉ፣ እያየናቸው እንደሆነ አውቀው። «ጽፌ የጨረስሁት ዓይኔ ሳለ ነው። ታትሞ ሲመጣ የማየው ጥላውን ሆነ። ይኸው ሰዎች ወረቀታችሁን አንብበው ነገሩኝ። ሞታ ተመለሰች ይላል አሉ። እኔ እንዲያ አልጻፍሁም። አልጻፍሁም ብዬ ነው የማስብ።»

«ያነበበልዎት ሰው የለም?» አለ ደምስ።

«ጎረቤቴ ያለች አስተማሪ ጀምራልኝ ነበር። ሃያኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።»

ደምስ ሳቀ። መጽሐፍ ሊመርጡ የገቡ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ልጆችም ሳቁ። መምህር ፈንታ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ፤ ክፍል ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ነገሩ አጭር ነው» አሉ። «እንፍራንዝ ያለች ልጄ፣ አባባ መርሳት ጀምረሃል ትለኛለች። እውነት አላት፤ ወጥ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ እጨምራለሁ። በቀደም እሑድ ማለዳ ጠመኔ ኪሴ ከትቼ ትምህርት ቤት ሄድሁ። ጡረታ ከወጣሁ ስንት ዘመኔ! እሑድ መሆኑንም ረስቼዋለሁ። የናንተን ወረቀት ወሬ ስትሰማ ደግሞ፣ የገደልኸውን ሰው ከረሳህማ ብቻህን አትኖርም አለች። ተማማልን። መጽሐፉ ልክ ከሆነ ትተወኛለች፤ ዳባት ቤቴ ውስጥ እቀመጣለሁ። ወረቀቱ እንዳለው ከሆነ ግን ነገ ማለዳ በእንፍራንዝ መኪና እሄድላታለሁ፤ ቤቱም ይዘጋል።»

«እንፍራንዝ ምን ይላሉ መምህር፤ ሞቅ ያለ፣ ደህና አገር ነው» አሉ ሐጂ።

«ደህና ነው ሐጂ። እዚያ ግን “የእሷ አባት” ነኝ። ዳባት “መምህር” ነኝ።» ከዚያ ፊታቸውን በቀጥታ ወደ እኔ አዞሩት። «አንቺ ልጄ፣ ስገባ እርሳስ ስትጭሪ ሰማሁሽ። ወረቀቱን ተይውና መጽሐፉን አንብቢልኝ። የምትሞትበትንና የሚቀጥለውን። ሌላ አልፈልግም።»

የማኅተሙን ቅጂ ከባንኮኒው ሥር አወጣሁ። ያሰመርሁበት ቦታ ራሱ ተከፈተልኝ። የግራውን ገጽ አነበብሁ፤ ሴትየዋ አልጋዋ ላይ ዞረች፣ ውሃ ጠየቀች፣ ውሃው ሲመጣ አልነበረችም። «እ» አሉ መምህር ፈንታ፣ «እንዲያ ነው የጻፍሁት።» ወደ ቀኙ ዞርሁ። «...ይዛ ገባች፤ ሽንኩርቱንም ከመሶቡ አጠገብ ዘረገፈችው» ይላል። አውራ ጣቴ ከገጹ ግርጌ ላይ ነበር፤ ወደ ቁጥሩ ያየሁት ያኔ ነው። በግራ መቶ አሥራ ሁለት። በቀኝ አርባ ዘጠኝ።

መጽሐፍ የሚጠረዘው አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ እየታጠፈ፣ አንዱ ጥራዝ በሌላው ላይ እየተደረበ ነው። ይህን አራት ዓመት ስለ መጽሐፍ የተማርሁ፣ አንድ ዓመት መጽሐፍ የሸጥሁ ሰው አውቃለሁ። አንዱ ጥራዝ ቦታውን ስቶ ከኋላ ገብቷል፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ አንድ እጅ ተሳስቷል፤ ይኸው ነው። ሴትየዋ ገበያ የሄደችው ከመሞቷ ስድሳ ገጽ ቀደም ብላ ነው። መሐል ላይ የዘለለው ታሪክ፣ ያልገጠመው ዐረፍተ ነገር፣ በእርሳስ ያሰመርሁበት ሁሉ የዚያ የጎደለ ጥራዝ ክፍተት ነው። አሥር ጊዜ ያገላበጥሁትን ገጽ ቁጥሩን አንድ ጊዜ አላየሁትም፤ የምፈልገው ስንጥቅ ነበርና ስንጥቁን አገኘሁ።

«እንደዚያ ይላል?» አሉ መምህር ፈንታ።

ደምስ በአፉ ዙሪያ ሳቅ ይዞ ያየኛል። ሁለቱ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ያዩኛል። አፌን ከፍቼ ተሳሳትሁ ብል ካርዱን የጻፍሁት እኔ መሆኔ ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ ዓርብ ጠዋት የለኝም።

«አዎ መምህር» አልሁ። «እንደዚያ ይላል።»

ቃል አልዋሸሁም፤ ይላል። እኒህ ሰው ግን ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሡ። «እንግዲያው ልጄ ልክ ናት» አሉ። በሩን ደምስ ከፈተላቸው። መቃኑን ዳብሰው ወደ እኔ ዞሩና «ንባብሽ ሸጋ ነው፤ ድምፅሽ ያንሳል» ብለው ወጡ።

ከሄዱ በኋላ አሥራ አንዱን ቅጂ ከመደርደሪያ አውርጄ አንድ በአንድ ገለጥሁ። ሁሉም ልክ ናቸው። በአርባ ዘጠኝ ከገበያ ትመለሳለች፣ በመቶ አሥራ ሁለት ትሞታለች፣ በመቶ አሥራ ሦስት ይቀብሯታል። ከአሥራ ሁለት ቅጂ አንዱ ብቻ ነው የተበላሸው፤ ሐጂ ማኅተም የመቱት እሱን ነው። አንዱን ልክ ቅጂ ይዤ ቆሜ ከመጀመሪያው ጀምሬ እየዘለልሁ አነበብሁት፤ የቀብሩን አራት ገጽ ሁለት ጊዜ።

ልንዘጋ ስንል ለሐጂ ወረቀት ጻፍሁላቸው። በአፌ መናገር አቅቶኝ ሁሉንም ጻፍሁት፤ ቁጥሩን እንዳየሁትና ዝም እንዳልሁም ጭምር። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ደግሞ አዩኝ።

«ለእኔ ምን አስጻፈሽ? እኔ ዓይን አለኝ» አሉ።

ነጠላዬን አፌ ላይ ሳብሁ።

«ወረቀት ለምደሽ ወረቀት ታመጪልኛለሽ። ሰውየው ወረቀት አያዩም። አፍሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ደምስ ጃኬቱን እየለበሰ «ሐጂ፣ እኔ ልሂድላት? እሷ እኮ መንገድ ላይ ሰላምታ እንኳ...» አለ።

«አንተ የሳቅኸው ነህ» አሉት። «የጻፈችው ትሂድ።»

በማግስቱ ዓርብ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ልክ ቅጂ በነጠላዬ ውስጥ ይዤ መናኸሪያ ደረስሁ። ጭጋጉ ገና ከመሬቱ አልተነሣም። ረዳቶቹ በፉጨትና በጩኸት ሰው ይጎትታሉ። የእንፍራንዙ ሚኒባስ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «እንፍራንዝ! አዲስ ዘመን! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። መምህር ፈንታ በሁለተኛው ረድፍ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ዘንቢላቸውን ጉልበታቸው ላይ አቅፈዋል። አንድ ሁለት ጊዜ በመስኮቱ አጠገብ አለፍሁ። ከዚያ መስታወቱን በጣቴ መታሁት።

«መምህር፣ እኔ ነኝ። ትናንት ያነበብሁልዎ።»

«ድምፅሽን አወቅሁት» አሉ። «ምነው በዚህ ብርድ?»

«መጽሐፉ ልክ ነው። እኛ ዘንድ ያለው አንዱ ቅጂ ነው የተበላሸው። ጥራዙ ሲጠረዝ ተዛብቶ ነው። የእርስዎ ስሕተት አይደለም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አላመኑም። «አዝነሽልኝ ነው። ተይ ልጄ።»

«አዝኜ አይደለም! ሌላ ቅጂ ይዣለሁ፤ ይኸው፣ ገጹን ልቁጠርልዎ...»

«ትናንት ገጹ ላይ ዓይንሽን ተክለሽ እንደዚያ ይላል አልሽኝ። ዛሬ እንደዚያ አይልም ትይኛለሽ። እኔ የማየው አንዱንም አይደለም። የትኛዋን ልመን?»

«እቱ፣ ትገቢያለሽ ወይስ አትገቢም?» አለ ረዳቱ። «አያን ተያቸው፤ መኪና ልናስነሣ ነው!»

«የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልሁ። አልጮህሁም መሰለኝ፤ ግን ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። «መስኮቱ ላይ ያለውን ወረቀት የጻፍሁት እኔ ነኝ። ትናንት ቁጥሩን አይቼዋለሁ። አይቼ ዝም አልሁ።»

«ውይ! የሽንኩርቷ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው፤ ሁለት ሦስቱ ሳቁ። ከመምህር ፈንታ አጠገብ የተቀመጠች፣ ሕፃን ያቀፈች ሴት ግን አልሳቀችም፤ እኔን አየችኝ፣ እሳቸውን አየች።

መምህር ፈንታ ወደሳቁት አልዞሩም። «ጸጽቶሻል» አሉኝ። «የጸጸተው ሰው ደግሞ ለማስደሰት ብሎ ብዙ ይናገራል። አስተማሪ ነበርሁ፤ የሰበረውን መስኮት ሊያስረሳኝ ቤቴ ድረስ እንጨት የተሸከመልኝ ልጅ አውቃለሁ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አቀረቡት። «እሺ። ልክ የሆነውን አንብበሻል?»

«አዎ።»

«በተራው ሲነበብ እንዴት ነው መጽሐፌ?»

ሕፃን ያቀፈችው ሴት በመስታወቱ በኩል ራሷን ከፍ ዝቅ አደረገችልኝ፤ ጥሩ ነው በይ፣ ምን አለበት፣ ጥሩ ነው በይና ይሂዱ እንደማለት። ረዳቱም ጩኸቱን አቁሞ ይጠብቃል። ጥሩ ነው ማለት ቀላል ነበር። አሰብሁት ልል አልችልም፤ አላሰብሁትም። ትናንት የዋሸችው ምላሴ ዳግመኛ አልዞር አለችኝ።

«አሰልቺ ነው መምህር» አልሁ።

ሴትየዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ዝናቡ በጣም ብዙ ነው። ሰዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚናገሩ፤ ገበሬውም፣ ዳኛውም፣ ልጅቱም እንደ አስተማሪ ነው የሚናገሩ። ሴትየዋ እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን አልሳቀችም፤ ስትሞት አላዘንሁላትም። መጨረሻው ምክር ነው፤ ማንም አልጠየቀውም።»

«የቀብሩስ?» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል።

«የቀብሩ አራት ገጽ ጥሩ ነው። አራት ገጽ ብቻ።»

ማንም አልሳቀም። ሃያ ዓመት የጻፉትን አሰልቺ ነው ብዬ በሚኒባስ ሙሉ ሰው ፊት ነገርኋቸው። የመምህር ፈንታ እጅ ዘንቢሉ ላይ ጠበቀ፣ ላላ፣ እንደገና ጠበቀ። ከዚያ ወደ ረዳቱ ድምፅ ዞረው፣

«አውርደኝ» አሉ።

«አያ፣ አሁን እኮ...»

«አውርደኝ ነው የምልህ። የሚያዝንልኝ ሰው እንዲህ አይናገርም። ልጅቱ እውነቷን ነው።»

ሲወርዱ እጄን ዘረጋሁላቸው፤ አልያዙትም። ረዳቱን ተደግፈው መሬት ረገጡ። ኮታቸው ዛሬም አንድ ቀዳዳ ስቶ ተቆልፏል። ፊት ለፊቴ ቆመው፣ ግንባሬ ወዳለበት አቅጣጫ ዓይናቸውን አቅንተው፣

«አንቺ ልጅ፣ ክፉ ነሽ» አሉኝ።

«አዎ መምህር።»

«ዘንቢሌን ያዢ። የዳባት መኪና የት ነው?»

ዘንቢሉን ተሸከምሁ። እሳቸው በእጃቸው የዘንቢሉን ማንጠልጠያ ይዘው፣ ነጠላዬን እንኳ ሳይነኩ ተከተሉኝ። የዳባቱ አውቶቡስ በወዲያኛው ጥግ ሞተሩን እያሞቀ ነበር። ወንበር አስይዤላቸው፣ ዘንቢሉን ከእግራቸው ሥር አስቀምጬ፣ ለልጃቸው ምን እንደሚሏት ሳልጠይቃቸው ወረድሁ። ልሄድ ስል መስኮቱን ከውስጥ ገፍተው ከፈቱት።

«ዝናቡ በዛ አልሽ» አሉ ቁጣቸው ሳይበርድ። «የትኛው?»

መጽሐፉን ከነጠላዬ አወጣሁ። መስኮቱ ሥር ቆሜ፣ በሞተሩ ድምፅ ላይ፣ መውጣት ያለበትን ገጽ በቁጥር እየጠራሁ ነገርኋቸው፤ አውቶቡሱ እስኪነሣ ድረስ አንዱንም አላስቀረሁላቸውም።